ከኦፕሬተር የሚወሰድ ስልክ ወይስ ክፍት ስልክ? በአሜሪካ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

በአሜሪካ አዲስ ስማርት ስልክ ለመግዛት የወጣ ሰው አንዱን ስልክ በሁለት ዋጋ ያገኘዋል። በአምራቹ መደብር ሙሉ ዋጋው ተጽፎበት ይታያል፤ እንደ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቬራይዘንና ቲ ሞባይል ባሉ የስልክ አገልግሎት ሰጪ ኩባንያዎች (ኦፕሬተሮች) መደብር ደግሞ ያው ስልክ «በነጻ» ወይም በወር በጥቂት ዶላር ይወሰዳል የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። የልዩነቱ ምንጭ አምራቹና ኦፕሬተሩ እርስ በርስ የተዋዋሉት፣ ኦፕሬተሩም በተራው ገዢውን የሚያስፈርመው ውል ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን መንገዶች፣ ማለትም ከኦፕሬተር የሚወሰደውንና ለእርሱ ሲም ብቻ የተቆለፈውን ስልክ፣ እንዲሁም ቁልፍ የሌለበትን ክፍት ስልክ፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ለየትኛው ገዢ የትኛው እንደሚሻል ያመዛዝናል፤ በተለይም ስልኩን ጥቂት ከተጠቀመበት በኋላ አገር ቤት ላለ ዘመድ ለመላክ የሚያስብ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ይገልጻል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የብቸኛ ሻጭነት ውል ለገዢው ምን አመጣለት?

አፕል የመጀመሪያውን አይፎን ጁን 29 ቀን 2007 ገበያ ላይ ሲያውል በአሜሪካ ስልኩን የማገልገል መብት የነበረው ኦፕሬተር ኤቲ ኤንድ ቲ ብቻ ነበር። ባለ 8 ጊጋባይቱ ስልክ በ599 ዶላር ቀርቦ በሴፕቴምበር ወደ 399 ወረደ፤ ገዢው ይህን ከፍሎም የሁለት ዓመት የአገልግሎት ውል መግባት ነበረበት። በቀጣዩ ዓመት ጁላይ ላይ አይፎን 3ጂ በ199 ዶላር ሲወጣ ብዙ ሰው ዋጋው በግማሽ ወረደ ብሎ ተሰለፈ። ቁጭ ብሎ ሒሳቡን የሠራ ሰው ግን ሌላ ነገር አየ። ለመጀመሪያው አይፎን በወር 20 ዶላር የነበረው የኢንተርኔት ክፍያ ለአዲሱ 30 ዶላር ሆነ፤ ቀድሞ በዚያው ክፍያ ውስጥ ይካተቱ የነበሩት 200 የጽሑፍ መልእክቶችም ለብቻቸው በወር 5 ዶላር ተጠየቀባቸው። ሁለቱ ጭማሪዎች በ24 ወር ሲባዙ 360 ዶላር ይሆናሉ። በመደብሩ 200 ዶላር ያተረፈ ገዢ በውሉ ዘመን 160 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ስልኮቹም ማስታወቂያዎቹም ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ ይህ የሒሳብ አሠራር ግን እስከ ዛሬ ድረስ እንዳለ ነው።

በጀርመን ደግሞ የቁልፉ ዋጋ ራሱ በአደባባይ ታይቷል። የሽያጭ መብቱን የያዘው ቲ ሞባይል አይፎንን ከሁለት ዓመት ውል ጋር በ399 ዩሮ ይሸጥ ነበር። ተፎካካሪው ቮዳፎን በኖቬምበር 2007 ፍርድ ቤት ሄዶ ጊዜያዊ እገዳ ሲያሰጥ ቲ ሞባይል ስልኩን ያለ ውልና ያለ ቁልፍ ለመሸጥ ተገደደ፤ የጠየቀውም 999 ዩሮ ነበር። እገዳው በዲሴምበር ሲነሣ ኩባንያው ወደ ቀድሞው አሸጣጡ ተመለሰ። ዋጋው ገዢን ለማሸሽ ሆን ተብሎ የተሰቀለ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል፤ ያም ሆነ ይህ ከአንድ ደንበኛ ፊርማ ጀርባ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠበቅ የ600 ዩሮው ልዩነት ይናገራል።

ውሉ ጥሩ ስልክ ላይ ሲያርፍ ገዢው ኔትወርኩን ይታገሣል፤ ደካማ ስልክ ላይ ሲያርፍ ግን ሁለቱንም ያጣል። አማዞን ፋየር ፎን የተባለውን ስልክ በጁላይ 2014 በኤቲ ኤንድ ቲ በኩል ብቻ ሲያወጣ ዋጋው ከሁለት ዓመት ውል ጋር 199 ዶላር ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላው 99 ሳንቲም ሆነ፤ አማዞንም በዚያው ዓመት ከስልኩ ጋር በተያያዘ 170 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ በ2015 ሽያጩን አቆመ። በመጀመሪያው ሳምንት 199 ዶላር ከፍሎ የፈረመ ሰው፣ አምራቹ ራሱ የተወውን ስልክ ይዞ የውሉን ወራት እየቆጠረ ቀረ።

የኤቲ ኤንድ ቲ ብቸኛ መብት ያበቃው ቬራይዘን ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2011 አይፎን 4ን መሸጥ ሲጀምር ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ነጻነት ቢቀበሉትም፣ የቬራይዘኑ አይፎን 4 ሲዲኤምኤ በተባለው ቴክኖሎጂ የሚሠራ በመሆኑ የሲም ካርድ ማስገቢያ እንኳን አልነበረውም። ለአዲስ አበባ ዘመድ በስጦታ ቢላክ በዋይፋይ ከሚሠራ ፎቶ ማንሻ ብዙም አያልፍም ነበር። የሽያጭ መብት ከአንድ ኩባንያ ወደ ሁለት ስለሰፋ ብቻ ስልኩ ለሁሉም ኔትወርክ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዛሬ ጎን ለጎን ሲታዩ

በአሁኑ ጊዜ ታዋቂዎቹን አይፎን፣ ጋላክሲና ፒክሰል ስልኮች አንድ ኦፕሬተር ብቻውን አይዛቸውም። ቲ ሞባይል ሬቭል በሚል ስም እንደሚሸጣቸው ያሉ ርካሽ ስልኮች የኦፕሬተሩ ብቻ ናቸው፤ እነርሱን ለማነጻጸር ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። ዋናው ለውጥ ስልኩን ለአንድ ኦፕሬተር ብቻ መስጠቱ ቀርቶ ቅናሹ ለአንድ ኦፕሬተር ደንበኛ ብቻ መሆኑ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲና ቬራይዘን የስልክ ዋጋን በ36 ወር፣ ቲ ሞባይል ደግሞ በአብዛኛው በ24 ወር ይከፋፍላሉ። «ነጻ» የተባለውም ቅናሽ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ከየወሩ ሒሳብ ላይ ትንሽ በትንሽ ይቀነሳል።

ይህ ለገዢው ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። 800 ዶላር የሚያወጣ ስልክ በ36 ወር ሲከፋፈል በወር 22 ዶላር ከ22 ሳንቲም ይደርሳል፤ ኦፕሬተሩ ይህንኑ መጠን በየወሩ እየቀነሰ «ነጻ» ያደርገዋል። ገዢው ከ14 ወር በኋላ ኦፕሬተር ልቀይር ቢል ግን ቅናሹ በዚያው ቀን ይቆማል፤ የቀረው የ22 ወር ዕዳ፣ ማለትም 489 ዶላር ገደማ፣ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ከዚህ ሌላ ቅናሹን ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ወርሃዊ ጥቅል መያዝ ግዴታ ነው። ለብቻው መስመር ያለው ሰው ለዚህ ጥቅል በወር 85 ዶላር ቢከፍልና በራሱ ስልክ በቅድመ ክፍያ 40 ዶላር ይበቃው ከነበረ፣ የ45 ዶላሩ ልዩነት በ36 ወር 1,620 ዶላር ይሆናል። የስልኩን ዋጋ እጥፍ ከፍሎ «ነጻ» ወሰደ ማለት ነው።

ሒሳቡ ሁልጊዜ በኦፕሬተሩ ላይ አይፈርድም። አራት መስመር ያለው ቤተሰብ ለአንድ መስመር የሚከፍለው ዋጋ በጣም ይወርዳል፤ የሚኖርበት ሰፈር የሚሠራው አንድ ኔትወርክ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቹም ትልቁን ጥቅል የሚጠቀሙበት ከሆነና ሦስት ዓመት እንደሚቆይ ከወዲሁ ካወቀ አራቱን ስልክ ከኦፕሬተሩ መውሰዱ ትርፍ ነው። አሮጌ ስልክ ሲመለስ ኦፕሬተሮች የሚሰጡት ዋጋም ብዙ ጊዜ ገበያው ከሚሰጠው ይበልጣል። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ክፍት ስልክ ግዙ ብዬ አልመክርም። በአንጻሩ አዲስ ገብቶ የክሬዲት ታሪክ ያላካበተ ሰው በኦፕሬተሩ መደብር ስልኩን ሲወስድ ገንዘብ አስቀድሞ ክፈል ሊባል ይችላል፤ እርሱ ያለፈውን ዓመት ሞዴል ክፍት ገዝቶ ርካሽ የቅድመ ክፍያ ሲም ቢያስገባበት ይሻለዋል።

ቁልፉ

ክፍት ስልክ የየትኛውንም ኦፕሬተር ሲም ይቀበላል። ከኦፕሬተር የተወሰደው ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ተቆልፎ ይቆያል። ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈልና ቢያንስ 60 ቀን እንዲያገለግል ይጠይቃል፤ ቲ ሞባይል ለወርሃዊ ደንበኛ 40 ቀንና ሙሉ ክፍያ፣ ለቅድመ ክፍያ ደንበኛ ደግሞ አንድ ዓመት ያህል ይጠይቃል። ቬራይዘን በ2008 በጨረታ ካገኘው የሬዲዮ ሞገድ ጋር በተያያዘ ግዴታ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ከሌሎቹ የላላ ደንብ ነበረው፤ ደንቦች ስለሚለዋወጡ ግን የሦስቱንም በሚገዙበት ቀን ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ይገባል። በኦገስት 2014 የጸደቀው የአሜሪካ ሕግ ባለቤቱ የራሱን ስልክ እንዲያስከፍት ፈቅዶለታል፤ ዕዳ ያለበትን ስልክ ኦፕሬተሩ እንዲከፍት ግን አያስገድድም። በካናዳ ከዲሴምበር 2017፣ በብሪታንያም ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ኦፕሬተሮች የተቆለፈ ስልክ መሸጥ ተከልክለዋል፤ ቶሮንቶና ለንደን ያለ አንባቢ ይህን ክፍል አልፎ ዋጋውን ብቻ ቢያነጻጽር ይበቃዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው ኦፕሬተር በየወሩ የሚከፈል ስልክ ወስጄ፣ ዓመት ከስምንት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ ለእኅቴ ልጅ በሰው እጅ ላክሁላት። ሻጩ «የትም አገር ይሠራል» ብሎኝ ነበር፤ የዓለም አቀፍ ሮሚንግ (የዚያኑ ኦፕሬተር ሲም ይዞ በውጭ አገር መደወል) ማለቱ እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ልጅቱ በማግስቱ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ሲሙን አልቀበልም እያለ ነው፤ እኔ ያበላሸሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲሟን አውጥታ አስገብታ ደክሟት ነበር። ወደ ሞባይል ጥገና ቤት ስትወስደው ባለሙያው ከሲሙ ጋር ተደርባ የምትገባ እንደ ወረቀት የሳሳች ቺፕ አስገባላት። ስልኩ የተፈቀደለት ሲም የገባለት መስሎት መሥራት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሶፍትዌሩ ሲታደስ ቺፗ ከሥራ ውጭ ሆነች፤ ስልኩም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ለኦፕሬተሩ ስደውል 16 ወር ክፍያ እንደቀረኝ፣ ሳልጨርስ እንደማይከፈት በትሕትና ነገሩኝ። ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍዬ ካስከፈትኩት በኋላ ልጅቱ አዲስ ስልክ እንደገዛሁላት አድርጋ አመሰገነችኝ፤ ከተከፈለው አንጻር አልተሳሳተችም።

ስለዚህ ያገለገለ ስልክ የሚገዛም ሆነ የሚልክ ሰው አስቀድሞ ያረጋግጥ። በአይፎን ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ከፍቶ «ካሪየር ሎክ» ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» መጻፉን ማየት ይበቃል። ሌሎቹን ስልኮች በሌላ ኦፕሬተር ሲም መሞከር ይሻላል። *#06# ሲደወል የሚወጣውን የአይ ኤም ኢ አይ ቁጥርም (የስልኩን መለያ ቁጥር) መዝግቦ ዕዳ እንደሌለበት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ክፍያው የተቋረጠበት ስልክ በአሜሪካ ኦፕሬተሮች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባልና።

ከቁልፉ ውጭ ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው። ሳምሰንግ በአሜሪካ ለኦፕሬተሮች የሚሠራቸው ስልኮች የሞዴል ቁጥራቸው «ዩ» በሚለው ፊደል፣ ክፍቶቹ ደግሞ «ዩ1» በሚለው ያልቃል፤ የኦፕሬተሩ ስልክ ያልተፈለጉ መተግበሪያዎች ተጭነውበት ይመጣል። ካሜራው፣ ባትሪውና ስክሪኑ አንድ ነው።

ክፍት መሆኑ የማይፈታው ችግር

አንድ ነገር ግን ሁለቱንም መንገዶች ይነካል። ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አይፎኖች፣ ከአፕል መደብር ክፍት የተገዙትም ቢሆኑ፣ የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ ሳይገባ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ዲጂታል ሲም፣ ብቻ ነው። ጉግልም ፒክሰል 10ን በአሜሪካ በዚሁ መልክ አውጥቶታል። ከአይፎን 17 ጀምሮ ይኸው አሠራር ሳዑዲ ዓረቢያን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን፣ ኩዌትንና ኳታርን ስለጨመረ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ስልክ የሚልኩ እኅቶችና ወንድሞችም ልብ ሊሉት ይገባል። ስልኩ ክፍት ቢሆንም ተቀባዩ በእጁ ያለችውን የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም የሚያስገባበት ቀዳዳ አያገኝም።

ስለዚህ ለአገር ቤት የሚገዛ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ማስገቢያ ያለው ክፍት ስልክ መግዛት ነው፦ አይፎን 13ና ከዚያ በፊት የወጡት፣ ወይም ዛሬም ማስገቢያቸውን የያዙት እንደ ጋላክሲ ኤስ25 ያሉት። ሁለተኛው ኢሲም ብቻ የሚቀበለውን ገዝቶ፣ ከመላኩ በፊት ግን ተቀባዩ የስልኩን ሞዴል ይዞ ወደ ኦፕሬተሩ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ፣ የያዘው ቁጥር በዚያ ሞዴል ላይ ወደ ኢሲም ይዞርለት እንደሆነ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ያግኝ፤ ካርድ የሚሳበው ከዚያ በኋላ ነው።