በመስኮት መጠየቅ ወይስ ከመደርደሪያ ማንሳት?

በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ቤተ መጻሕፍት ተማሪው መታወቂያውን አስይዞ መጽሐፉን በመስኮት ይጠይቃል። ሌላው መንገድ ተማሪውን ወደ መደርደሪያው ማስገባት ነው።

የመስኮቱ አሠራር መጽሐፍን ከመጥፋት ያድናል፤ አንድ የፊዚክስ ማጣቀሻ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለመምህራንም ይመቻል፤ ርእሱን ስለሚያውቁት ተቀብለው ይሄዳሉ። ተማሪ ግን ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን መጽሐፍ እንዴት ይጠይቃል? በእረፍት ሰዓት ተሰልፎ ይቆያል፤ ተራው ሲደርስ «የባዮሎጂ መጽሐፍ» ይላል፤ የተሰጠውን ይዞ ይቀመጣል።

መደርደሪያው ሲከፈት ነገሩ ይለወጣል። በ1876 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍትን በየርእሳቸው ቁጥር እየሰጡ የሚደረድሩበት የዲዊ አመዳደብ ዕውቀትን በ10 ዐበይት ክፍሎች ይመድባል፤ ሒሳብ 510፣ ሥነ ፈለክ 520 ላይ ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ፍለጋ የገባች ልጅ ጥቂት እርምጃ አልፋ፣ ጀርባው በፕላስተር የተጣበቀ የከዋክብት መጽሐፍ ታገኛለች። እዚያው ቆማ ትገልጠዋለች። ይህን ሳትጠይቅ በመስኮት የሚሰጣት የለም።

በእርግጥ መጻሕፍት ቦታቸውን ይስታሉ፤ ሠራተኛውም በየምሽቱ መልሶ መደርደር አለበት። እኔ ግን መደርደሪያው ይከፈት እላለሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ተማሪ የሚሻማባቸው ጥቂት ማጣቀሻዎች ብቻ በመስኮት ይቆዩ።