ስምንት ወር ከትንሿ ፒሲአር ጋር፦ ጥፋቱ የአኻያዋ አልነበረም

ይህችን ማሽን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ዛሬ ስለ እሷ እንድጽፍ ያስነሳኝ ክዳኗ ነው። ሌላው ደህና ነው። ድምፅ የላትም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች፣ ከጫማ ካርቶን የበለጠ ቦታ አትይዝም። ክዳኗ ግን አራት ወር አቃጥሎብኛል።

ለማያውቃት፣ ፒሲአር ዲኤንኤን የምታባዛ ማሽን ናት። ትንንሾቹን ቲዩቦች 95 ዲግሪ ድረስ ታሞቃለች፣ ወደ 50ዎቹ ታወርዳለች፣ 72 ላይ ታቆያለች፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ። ይህን 35 ጊዜ ትደጋግማለች። የተባዛው ዲኤንኤ ለሲኩዌንሲንግ ይላካል፤ ፊደሎቹ ተነበው በኢሜይል ይመጣሉ።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከቤቴ ቁልቁል ሲወረድ ወንዙ ዳር አኻያ አለ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቼ አለልቱ ይሉታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ዛፍ ነው። ዘመዶቹ እነማን እንደሆኑ በዲኤንኤ ማየት ፈለግሁ። አኻያና ፖፕላር የሚባለው ዛፍ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በመሠረቱ 19 ጥንድ ክሮሞዞም አላቸው። ከ60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የጋራ ቅድመ አያታቸው ጂኖሙን፣ ማለትም ጠቅላላ ዲኤንኤውን፣ በሙሉ እጥፍ አድርጎታል፤ የዚያ አሻራ ዛሬም በሁለቱም ውስጥ ይታያል። ፖፕላር ደግሞ ጂኖሙ ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ዛፍ ነው፤ ውጤቱ የወጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የማወዳደሪያ መረጃ ሞልቷል። የጎደለው የእኔ ወንዝ አኻያ ነበር።

ሁለቱን ዛፎች መለየት ቀላል ይመስላል። አኻያ ሲያብብ ንብ ይሰፍርበታል፤ ፖፕላር የሚያብበው ለነፋስ ነው። ግን ሊቃውንትም ተሳስተዋል። መዝሙረ ዳዊት ላይ በባቢሎን ወንዞች ዳር መሰንቆ የተሰቀለበትን ዛፍ አስቡት። የእፅዋት ሊቁ ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ቅርንጫፏ ቁልቁል ለሚወርደው አኻያ የባቢሎንን ስም የሰጠው ያንን ዛፍ እያሰበ ነው። ያቺ አኻያ ግን የመጣችው ከቻይና ነው። የባቢሎኑ ዛፍ የኤፍራጥስ ፖፕላር እንደነበር ነው ዛሬ የሚታመነው። የዚያ ፖፕላር ለጋ ቅጠል ልክ እንደ አኻያ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው። የቅርብ ዘመዱም በእኛው ምሥራቅ አፍሪካ፣ በኬንያ ጣና ወንዝ ዳር ይበቅላል። ቅጠል እንዲህ የሚያታልል ከሆነ ዲኤንኤ ማንበብ የግድ ነው ብዬ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት።

ከዚያ ችግሩ ጀመረ። ቅጠሉን እርጥበት በሚመጠው ሲሊካ ጄል አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ ዲኤንኤውን አወጣለሁ፣ ማሽኗ ውስጥ አስገባለሁ። ከዚያ የተባዛው ዲኤንኤ እንደ መስመር (ባንድ) የሚታይበትን ሌላ ጄል ብርሃን ላይ ሳስቀምጠው ባዶ። በማግስቱም ባዶ። አንዳንዴ ከስምንቱ ቲዩብ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ስድስቱ ምንም። ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ክዳኑ 105 ዲግሪ ይሞቃል፤ ችግሩ የናሙናህ ነው» አለኝ። ክዳኑ የሚሞቀው እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ እንዳይጤዝ ነው። አመንኩት። የአኻያ ቅጠል ፒሲአርን የሚያግድ ንጥረ ነገር እንደሚበዛበት የታወቀ ነው። ስለዚህ ዛፏን ወቀስኩ። ዲኤንኤ ማውጫ መንገዴን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ። ፕራይመር፣ ማለትም የሚባዛውን ቦታ የሚያመለክተውን አጭር ዲኤንኤ፣ ቀየርኩ። ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ኢንዛይም እንደ አዲስ ገዛሁ። ጥቅምት እንዲህ አለፈ፣ ኅዳርም፣ ታኅሣሥም፣ ጥርም።

መልሱ የመጣው ከማድ ቤት ነው። አክስቴ ከአዳማ መጥታ ሽምብራ ጥዳ ነበር። «ምን ዓይነት አገር ነው! ሽምብራው አልበስል አለኝ እኮ» አለች። ቴርሞሜትሬን አምጥቼ የሚፍለቀለቀው ውሃ ውስጥ ነከርኩት። 91 ዲግሪ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ እዚህ 95 ሳይደርስ ይፈላል። ማሽኗ ደግሞ ቲዩቦቹን በየዙሩ 95 ታደርሳለች። ክዳኗ አጥብቆ ካልተጫነ የቲዩቡ ቆብ ከፍ ይላል፣ እንፋሎቱ ይወጣል።

የዚያኑ ማታ ስምንት ቲዩብ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ 25 ማይክሮ ሊትር ንጹሕ ውሃ አድርጌ 35 ዙር አስኬድኩ። ስከፍታት የክዳኑ ሆድ በጤዛ ተሸፍኗል። በፒፔት፣ በጠብታ መለኪያው፣ ለካሁ። ዳር ያሉት ሁለቱ 23 ቀርቷቸዋል። መሀል ያሉት 9 እና 11። መሀሉ ላይ ክዳኑ በደንብ አይጫንም ማለት ነው። አራት ወር ሙሉ ደረቅ ቲዩብ ውስጥ ዲኤንኤ ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ወንድሜ ሻጩ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ክዳኑ መሞቁን አልካድኩም። የጠየቅሁህ ይጫናል ወይ ነው። «ማንም ቅሬታ አላቀረበም» ትለኝ ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ምን ብሎ ቅሬታ ያቀርባል? እሱ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ነው። አንተ ግን የምትሸጠው አዲስ አበባ ነው። ለደጋ የሚሸጥ ዕቃ ደጋ ላይ ይሞከራል። ይህን ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ፤ አክስቴ በሽምብራ ልታስተምረኝ አይገባም ነበር።

መፍትሔው የድሮ ነው። የሚሞቅ ክዳን ከመምጣቱ በፊት ሰዎች ቲዩቡ ላይ ዘይት ጠብ ያደርጉ ነበር። እኔም አንድ ጠብታ የፓራፊን ዘይት እጨምራለሁ። ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃውን ይይዘዋል። ሥራው ሲያልቅ የፒፔቱን ጫፍ ዘይቱን አሳልፌ ቀስ ብዬ ወደ ታች እሰዳለሁ፣ ከሥር እስባለሁ፣ ጫፉን እጠርጋለሁ። ያደክማል። ግን ከየካቲት ወዲህ ስምንቱም ቲዩብ ይሠራል።

የመጀመሪያው ንባብ ሲመጣ እጄ ተንቀጥቅጧል። ከክሎሮፕላስት (ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል) ጂን ወደ 550 ፊደል ነበር። ከፖፕላሮቹ በግልጽ ተለየ። ከሌሎች አኻያዎች ጋር ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ፣ የትኛው ዝርያ እንደሆነ አልለይም አለ። ይህ የማሽኗ ጥፋት አይደለም። አኻያዎች እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ክሎሮፕላስት ደግሞ የሚወረሰው ከእናት በኩል ብቻ ነው፤ ብዙ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ክሎሮፕላስት ይዘው ይገኛሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሰፊ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። አሁን ወደ ኒውክሊየስ ዲኤንኤ ዞሬያለሁ፤ እዚያ የአባትም የእናትም አለ።

ጥር ላይ ብትጠይቁኝ «አትግዟት» እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ጄሉ ላይ ስምንት ባንድ ተደርድሮ አይቻለሁና አልሸጣትም። ግን ይህችን ማሽን ልትገዙ ከሄዳችሁ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት 25 ማይክሮ ሊትር ውሃ በስምንቱም ቲዩብ አስገቡ፣ 35 ዙር እስኪያልቅ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ከዚያ መሀል ያሉትን ለኩ። ከ20 በታች ከሆነ ሻጩ የሚለውን አትስሙ።