ማሴይ ፈርጉሰን 135፦ ዲናሞው በኦልተርኔተር ከተቀየረ 11 ወር በኋላ

ግምገማው የሚመለከተው ፐርኪንስ ባለ 3 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለውን ማሴይ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ነው። ፋብሪካው የገጠመለት ሉካስ ሲ40ኤ ዲናሞ ወርዶ በቦታው ሉካስ 17ኤሲአር ኦልተርኔተር ከገባ 11 ወር ሆኖታል፤ ከእርሻ እስከ ውቂያ ያለውን ሥራ ሁሉ አይቷል። ሁለቱም በሞተሩ እየዞሩ ባትሪ የሚሞሉ ናቸው፤ በጋራዦቻችን ሁለቱም «ዲናሞ» ስለሚባሉ እዚህ አሮጌውን ዲናሞ፣ አዲሱን ኦልተርኔተር እላለሁ። ዕቃ ስትገዙም በስሙ ብቻ አትተማመኑ፤ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ማታ በመብራት ለሚሠራ ትራክተር ለውጡ ዋጋውን ያወጣል። ቀን ብቻ የሚሠራና ዲናሞው ደህና የሆነ ግን ገንዘቡን ለጎማ ቢያውለው ይሻላል። ምክንያቱ ቀላል ሂሳብ ነው። ሲ40ኤ በሙሉ አቅሙ የሚሰጠው 11 አምፔር አካባቢ ነው። ሁለት የፊት መብራት ባለ 45 ዋት፣ አንድ ፓውዛ ባለ 55 ዋትና ሁለት የኋላ አምፖል ባለ 5 ዋት አንድ ላይ ሲበሩ 155 ዋት ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት ወደ 13 አምፔር ማለት ነው። ሞተሩ በደንብ እየዞረ እንኳ ባትሪው ይከስራል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ፣ ደግሞ ዲናሞው ባትሪ የሚሞላ ኃይል አያወጣም። 17ኤሲአር 36 አምፔር የሚሰጥ ስለሆነ ይህ ጭንቀት ይቀራል፦ መብራቱ ሁሉ በርቶ በሚኒሞ 13.6 ቮልት፣ በሥራ ዙር 14.2 ቮልት ባትሪው ላይ ይነበባል።

ሆኖም ዲናሞውን ከመጣላችሁ በፊት መርምሩት፤ ብዙ ጤነኛ ዲናሞ በሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ወይም በሽቦ ጥፋት ተፈርዶበታል። መጀመሪያ ቺንጋውን አጥብቁ። ከዚያ ከዲናሞው ጀርባ ዲ እና ኤፍ የሚባሉትን ሁለት ሽቦዎች ነቅላችሁ ሁለቱን ተርሚናሎች በአጭር ሽቦ አገናኙ፤ ቴስተሩን በዚህ ሽቦና በዲናሞው ቦዲ መካከል አድርጉ። ሞተሩን ከሚኒሞ ቀስ እያላችሁ ከፍ ስታደርጉ ቮልቱ ሳይዝለል እየወጣ 14ን ማለፍ አለበት። 20 ሲደርስ አቁሙ፤ ሞተሩን አታስጩኹት፤ ጭነት የሌለበት ዲናሞ ራሱን ያቃጥላል። ምንም ካላነበበ ካርቦኖቹ (የሚሽከረከረውን ክፍል እየነኩ ኮረንቲ የሚያስተላልፉት) አልቀዋል ወይም ተጣብቀዋል። ከግማሽ እስከ 1 ቮልት ብቻ ካሳየ የውጪው ጥቅል፣ ማለትም ፊልዱ፣ ተበጥሷል ወይም ከቦዲ ተገናኝቷል፤ ጤነኛው በኦም ሲለካ ወደ 6 ያሳያል። 5 ቮልት አካባቢ ላይ ከቆመ የሚሽከረከረው አርማቸር ተጎድቷል። ሁሉም ደህና ከሆነ ችግሩ ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦው ጋ ነው። ብዙ ዓመት ቆሞ መግነጢሱ የጠፋበት ዲናሞም አለ፤ ኔጋቲቩ ቦዲ ላይ በታሰረ ትራክተር ሁለቱ ሽቦዎች እንደተነቀሉ ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ሽቦ ኤፍ ላይ ለ2 ወይም 3 ሰከንድ ማስነካት ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

አንድ አደጋ ግን ለይቼ ልናገር። የሬጉሌተሩ የመቁረጫ ነጥብ፣ ማለትም ዲናሞው በማይሞላበት ጊዜ ከባትሪው የሚለየው፣ ተቃጥሎ ከተጣበቀ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ባትሪው ወደ ዲናሞው መልሶ ይፈስሳል። ሞተር ጠፍቶ ዲናሞው እየጋለ ከሆነ ወይም የአምፔር መለኪያው ወደ ማነስ ካጋደለ ወዲያው የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ ሽቦ የሚያቃጥለው ይህ ነው።

ወደ ገጠማው ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚረጋገጠው ከቦዲ ጋር የታሰረው የባትሪ ጫፍ ነው። 17ኤሲአር ኔጋቲቩ ቦዲ ላይ ካልሆነ አይሠራም፤ ተገልብጦ ከታሰረ ዳዮዶቹ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) በቅጽበት ያልቃሉ። ከዚያ አሮጌውን ሬጉሌተር ከሥራ አውጡት፤ አዲሱ የራሱን በውስጡ ይዟል። ወፍራሙ ኬብል 6 ሚሊሜትር ካሬ ሆኖ ከኦልተርኔተሩ ትልቅ ተርሚናል በቀጥታ የባትሪው ገመድ ወደሚያርፍበት የሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ብሎን ይሄዳል። የድሮውን የዲናሞ ሽቦ ለዚህ አትጠቀሙበት፤ ለ11 አምፔር የተዘጋጀ ነው። በፋብሪካው የ30 አምፔር መለኪያ ውስጥም አታሳልፉት፤ በእሱ ፈንታ ትንሽ ቮልትሜትር የበለጠ ይነግራችኋል።

ለማስጠንቀቂያው አምፖል ግን አሮጌው ሽቦ ይጠቅማል። ከዲናሞው ኤፍ ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄደው ቡናማ ባለ አረንጓዴ መስመር ሽቦ ከኦልተርኔተሩ ትንሽ ተርሚናል ላይ ይሰካል፤ በሬጉሌተሩ በኩል ያለው ጫፉ ከሬጉሌተሩ ዲ ተነቅሎ ከወጣው ቀጭን የአምፖል ሽቦ ጋር ይያያዛል። አምፖሉ 12 ቮልት 2.2 ዋት ይሁን። ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስለዋል፤ ኦልተርኔተሩን የሚቀሰቅሰው ግን በእሱ በኩል የሚያልፈው ኮረንቲ ነው። ፑሊውን በተመለከተ የዲናሞውን አታዛውሩ፤ ትልቅ ስለሆነ ኦልተርኔተሩን ያዘገየዋል። የራሱን አድርጋችሁ አጠር ያለ ቺንጋ ግዙ። ፑሊዎቹ በአንድ መስመር ካልቆሙ ቺንጋው በጎኑ ይበላል፤ በዋሸር አስተካክሏቸው። ረጅሙ ክፍል መሃል ላይ በአውራ ጣት ሲጫን ወደ 10 ሚሊሜትር ይርገብ፤ ከዚያ በላይ ቢጠብቅ ኩሽኔታውን ይገድላል።

በ11 ወሩ ውስጥ ኦልተርኔተሩ ራሱ አንድም ጊዜ አልተበላሸም፤ ያስቸገረው በዙሪያው ያለው ነው። መጀመሪያ የታየው ባትሪው ሙሉ አለመሙላቱ ነበር። ኦልተርኔተሩ ላይ 14.2፣ ባትሪው ላይ 13.3 ቮልት ይነበብ ነበር። የጠፋውን 0.9 ቮልት ለማግኘት ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ በሁለቱም በኩል ይለካል፦ ከኦልተርኔተሩ ትልቅ ተርሚናል እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ከ0.3፣ ከኦልተርኔተሩ ቦዲ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም። ጥፋቱ የተገኘው ኔጋቲቩ በኩል ነው፤ መያዣው ብረት በወፍራም ቀለም ስለተሸፈነ ኮረንቲው መመለሻ አጥቷል። ቀለሙ ተፍቆ፣ ከኦልተርኔተሩ ቦዲ ወደ ሞተሩ ብረት ተጨማሪ ኬብል ሲታሰር ልዩነቱ ጠፋ።

ሁለተኛው አምፖሉ መቃጠሉ ነው። ምልክቱ ያሳስታል፦ ሞተሩ ይነሳል፣ ቮልቱ 12.4 ላይ ይቀራል፣ ነዳጅ በደንብ ሲሰጠው ድንገት መሙላት ይጀምራል። ምርመራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ክፈቱ፤ አምፖሉ መብራት አለበት። ካልበራ ቀጭኑን ሽቦ ከኦልተርኔተሩ ንቀሉና ቦዲ አስነኩት። በዚህ ከበራ ጥፋቱ ውስጥ፣ ካርቦኑ ወይም ሬጉሌተሩ ጋ ነው፤ ካልበራ አምፖሉን ወይም ሽቦውን ፈልጉ። ቁልፍ ተዘግቶ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ግን ዳዮድ አፍስሷል፤ ባትሪው በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ሦስተኛው ገለባ ነው፤ እንደ አርሲና ባሌ ባለ የስንዴ አገር ለሚሠራ ትራክተር ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። ዲናሞው ይህን ያህል አየር ስለማይስብ አይታወቅም ነበር። ኦልተርኔተሩ ግን ከኋላው አየር እየሳበ ዳዮዶቹን ያቀዘቅዛል፤ ገለባና ዘይት የነካው አቧራ ቀዳዳዎቹን ሲደፍን ዳዮዶቹ ይጋላሉ። በውቂያ ጊዜ በየ2 ቀኑ በአየር መንፋት ያስፈልጋል። በውኃ ግፊት ማጠብ ግን ኩሽኔታውን ያበላሻል። ማረሻ ወይም ሌላ ዕቃ ከትራክተሩ ሳይፈታ የሚበየድ ከሆነም ከመጀመሩ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭና የኦልተርኔተሩን ሽቦዎች በሙሉ ንቀሉ፤ ሞተሩ እየሠራ ግን የባትሪ ገመድ በምንም ምክንያት አይነቀል።