የግዢ ኃላፊነት በጎጃም፦ መንግሥት ቤት ወይስ ፋብሪካ?

ሁለት የሥራ ማስታወቂያ ይዛችሁ የምትደውሉልኝ በዝታችኋል። አንዱ ደብረ ማርቆስ ያለ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሌላው ቡሬ ያለ ፋብሪካ። ሁለቱም "የግዢ ኃላፊ" ይላሉ። ሥራው ግን ለየቅል ነው።

ደመወዝ ላይ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ ይበልጣል። የመንግሥቱ በስኬል የተቆረጠ ነው፣ ድርድር የለውም። ፋብሪካ ግን "በስምምነት" ሲላችሁ የተጣራውን አስሉ። ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ግብር አለ። ለጡረታ ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው፤ ይህ ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ተንኮሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንድ የግል ቀጣሪ ዋናውን ደመወዝ አሳንሶ ቀሪውን "አበል" ይለዋል። ጡረታ የሚሰላው በዋናው ደመወዝ ነው። ኋላ ይቆጫችኋል።

የዓመት ረፍት ፋብሪካ ላይ በአዋጅ 1156/2011 ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል። ኅዳር ላይ በቆሎ መግባት ሲጀምር ግን ረፍት የሚባል ነገር እርሱት። የጭነት መኪና አባይ በረሃ ላይ ከተበላሸ ወይ መንገድ ከተዘጋ፣ እኩለ ሌሊት የሚደወለው ለእናንተ ነው።

መንግሥት ቤት ማታ ትተኛላችሁ። ቀን ላይ ግን ፊርማችሁን ጠብቁ። እኔ እዚያ ሳለሁ ለወረቀት ግዢ ሦስት ፕሮፎርማ (የአቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ) ቀረበልኝ። ማኅተሙ ሦስት ዓይነት፣ የእጅ ጽሑፉ አንድ! "7" ቁጥሯ ሦስቱም ላይ ወገቧን በሰረዝ ታስራለች። አልፈርምም አልኩ። ኮሚቴው ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ኦዲተር ሲመጣ የሚፈለገው ግን ፈራሚው ነው። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ያልተቆረጠለት ዕቃ ካለ ደግሞ ሥራ ስትለቁ ክሊራንስ ላይ ይይዛችኋል።

የእርዳታ ድርጅትም አለ። ደህና ይከፍላል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ኮንትራቱም ያልቃል።

ዕድገትስ? መንግሥት ቤት ወንበሯ አንድ ናት፣ የተቀመጠባትም ቶሎ አይነሳም። የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓቱን የለመደ ሰው ግን የትም ይፈለጋል። ፋብሪካ ውስጥ ከአቅራቢ ጋር ዋጋ ተከራክሮ ያደገ ሰው ደግሞ አዲስ አበባም ሥራ አያጣም።

እኔ ልጅ ሳልወልድ ቢሆን ቡሬ እሄድ ነበር። ዛሬ ልጆቼ ማርቆስ ይማራሉ፤ የሌሊቱን ስልክ አልፈልገውም።