ቀይ ፈሳሽ ይዞ የሚመጣውን የሃሚንግበርድ መመገቢያ አትግዙ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የምትኖሩ፣ ጓሮ ወይም በረንዳ ያላችሁ፦ ሃሚንግበርድ (የአበባ ወለላ የምትጠጣ በጣም ትንሽ ወፍ) አካባቢያችን የሚደርሰው ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ተገልብጦ የሚንጠለጠል ጠርሙስ ከቀይ ፈሳሽ ጋር ታሽጎ ኦንላይን ላይ ይሸጣል። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ፈሳሹ ስኳር፣ ውሃና ቀለም ነው። ጀርባውን አንብቡት፤ ብዙ ጊዜ «ሬድ 40» (Red 40) የሚል የሰው ሠራሽ ቀይ ቀለም ስም ታገኛላችሁ። የአበባ ወለላ ራሱ ቀለም የለውም፤ ወፏን ለመጥራት የመመገቢያው ቀይ ክዳን ይበቃል። ቀለሙ የተጨመረው ለገዢው ዓይን ነው። «ፕሮቲን አለው» የሚለውም ማሻሻጫ ነው፤ ፕሮቲኗን ከትንኝና ከጥቃቅን ሸረሪት ታገኛለች። 1 ኩባያ ነጭ ስኳር በ4 ኩባያ ውሃ አሟሙታችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ ሙሉላት። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ይቆያል። ማር እንዳትጨምሩ፤ ቶሎ ይፈላል፣ ሻጋታም ያበቅላል (ጠጅ እየጣልን አይደለም)። ቡናማ ስኳርም ብረት ስላለው አይሆንም።

ዋናው ኪሳራ ግን ዕቃው ላይ ነው። ጠርሙሱን ፀሐይ ሲመታው ከላይ ያለው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን በቀዳዳዎቹ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ግማሽ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። የሚንጠባጠበው ጉንዳንና ተርብ ይሰበስባል፤ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፉት ቢጫ የፕላስቲክ አበቦችም ተርቡን ይጠራሉ። ከሁሉም የከፋው ቀዳዳዎቹ ያሉበት የታችኛው ክፍል ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ ተዘግቶ ለሁለት የማይፈታ መሆኑ ነው። በሙቀት ወራት ፈሳሹ በየ2 ቀኑ ተደፍቶ ዕቃው በሙቅ ውሃና በብሩሽ መታጠብ አለበት። በማይፈታው ዕቃ ግን ጥቁሩ ሻጋታ ብሩሽ በማይደርስበት ቀዳዳ ሥር ይቀመጣል፤ ወፏ ምላሷን የምታስገባው እዚያው ነው።

መግዛታችሁ ካልቀረ ሳህን መሳዩን ምረጡ፦ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚነሳ፣ ቀዳዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ክዳኑ ላይ ያሉ፣ መሃሉ ላይ ለጉንዳን መከላከያ ውሃ የሚሞላበት ጎድጓዳ ያለው፣ ቢጫ የሌለበት። ትንሹ ይበቃል፤ ወፏ 3 ግራም ገደማ ናት።

ጠርሙሱን አስቀድማችሁ አዛችሁት ከሆነ ንጹህ ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉና ፀሐይ ላይ ስቀሉት፤ ከሥሩ ደረቅ ካርቶን አንጥፉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ካርቶኑ ከረጠበ ወይም የታችኛው ክፍል አልፈታ ካለ፣ ፎቶ አንስታችሁ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መልሱት። ስኳር ካስነካችሁት በኋላ ግን «ተጠቅማችሁበታል» ብለው ሊከለክሏችሁ ይችላሉ።