የልብ ሕክምና ሥልጠና፦ አሜሪካ አይቶ መመለስ ወይስ እስራኤል፣ ሆሎን ገብቶ መሥራት?

አሜሪካ በታዛቢነት የሚገባ ሐኪም የሥራ ፈቃድ ስለሌለው በሽተኛ አይነካም። የክፍሉን አሠራርና የጉዳይ ውይይቱን ለማየት ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል።

እስራኤል፣ ሆሎን በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት» የተባለው የሕፃናት ልብ ሕክምና ድርጅት ግን ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ሐኪሞችንና ነርሶችን በሥራ ላይ ያሠለጥናል። ለልብ ቀዶ ሕክምና ይኼኛው ይሻላል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚተካውን የልብና ሳንባ ማሽን ባለሙያን እንውሰድ፦ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ሄፓሪን ከተሰጠ በኋላ ደሙ ለመርጋት የሚወስድበት ጊዜ በተለምዶ 480 ሰከንድ ካልደረሰ ማሽኑ አይጀመርም፤ ሄፓሪን ይጨመርና እንደገና ይለካል። ይህ ቆሞ በማየት አይለመድም።

ቀዶ ሐኪሙ ብቻውን ሠልጥኖ ቢመለስ፣ የማሽን ባለሙያና የጽኑ ሕሙማን ነርስ ከሌሉ የልብ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ አይከፈትም፤ በቡድን ያመልክቱ። ከመፈረምዎ በፊት በእጅዎ የሚሠሩት ሥራ ብዛት፣ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃዱ፣ መድንና የቤት ኪራይ በጽሑፍ ይስፈሩ።