«ኳየር»ን ይዤ ኢቲሞንላይን ስገባ

እንግሊዝኛ ስትማሩ «ኳየር» የሚለው ቃል አጻጻፉ አናዷችሁ ያውቃል? እኔን ለዓመታት አናዶኛል። ሲ-ኤች-ኦ-አይ-አር ተብሎ ተጽፎ ሳለ «ኳ» የምትለው ድምፅ ከየት መጣች?

መጀመሪያ ስልኬ ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። «የዘማሪዎች ቡድን» አለኝና አበቃ። ይህንንማ አውቃለሁ!

ኢቲሞንላይን ሌላ ነገር ነው። ዳግላስ ሃርፐር የሚባል አሜሪካዊ የጀመረው፣ የቃላትን አመጣጥ የሚያስረዳ ነፃ ድረ ገጽ ነው። ቃሉን ጻፉለትና ከእንግሊዝኛ ወደ ድሮው ፈረንሳይኛ፣ ከዚያ ወደ ላቲኑ «ኮሩስ»፣ ከዚያ ወደ ግሪኩ «ኮሮስ» ይዟችሁ ይሄዳል። ግሪኮቹ ኮሮስ የሚሉት እየዘፈነ የሚጨፍረውን ቡድን ነበር፤ ጭፈራውንም ራሱን እንደዚያው ይሉታል። ኮሪዮግራፊ (የጭፈራ ቅንብር) የሚባለውም ከዚሁ ሥር ነው የበቀለው፣ ይህን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1300 አካባቢ ሲሆን ያኔ ዘማሪዎቹን ሳይሆን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቆሙበትን ቦታ ነበር የሚያመለክተው። ለሰዎቹ መጠሪያ የሆነው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

የአጻጻፉ ነገርም እዚያው ተፈታልኝ። ድሮ ቃሉ በኪው ፊደል ነበር የሚጻፈው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ላቲኑን እንዲመስል ተብሎ ፊደሉ ተለወጠ፣ ሰዉ ግን አጠራሩን አልቀየረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የ1662ቱ የጸሎት መጽሐፍ ላይ እስካሁን በኪው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ እኛ «ኳየር» ብለን የምንጽፈው ከእንግሊዞቹ አጻጻፍ ይልቅ ለድምፁ ይቀርባል።

በኪው ያለውን ስትፈልጉ ግን ተጠንቀቁ። 24 ወይም 25 ወረቀት አንድ ላይ ሲሆን የሚጠራበት ቃልም ልክ እንደዚያው ነው የሚጻፈው። እሱ «አራት አራት» ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፣ ከዘማሪዎቹ ጋር ዝምድና የለውም።

ለጀማሪ ይከብዳል፣ አልዋሽም። ጽሑፉ እጥር ምጥን ያለ ነው፣ ዓመቱን በምህጻረ ቃል ስለሚያስቀምጥ እስክትለምዱት ሁለት ሦስቴ ታነባላችሁ። ቃሉ ዛሬ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማየትም ሌላ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። ለምን እንዲህ ተጻፈ፣ ከየት መጣ ለሚል ሰው ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ።

አሁን ደግሞ «ካሮል» የሚለውን ከፍቻለሁ። የገና መዝሙር ከመሆኑ በፊት፣ በድሮው ፈረንሳይኛ ክብ ሠርቶ እየዘፈኑ መጨፈር ነበር።